ከቁራው ጫፍ ላይ የዘረጋሁት አንሶላ

ይድረስ ለወንድሜ ለአኒዬሎ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ? ዓይንህስ? ልጅህ ኖርማ ዓይንህ እየደከመ መምጣቱን ስለጻፈችልኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቅህ ስለ እሱ ነው። ባለቤትህ ፍራንካ ደህና ናት? አገሩስ እንዴት ይዟችኋል፣ እኛ በፀሐይ ሎሚ ስንለቅም እናንተ ብርድ ልብስ የምትደርቡበት ያ የተገለበጠ አገር? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ደረጃው በላው። በልጅነታችን ሎሚ ተሸክመን እስከ ወደቡ የምንወርድበት ደረጃ አሁንም እንዳለ ነው፤ የተሸራረፍኩት እኔ ነኝ።

ጽሕፈቱ የማን ይሆን ብለህ አትቸገር፤ የራሴ ነው። የቄስ እጅ የለበትም፤ ከእኔ ጋር የምትኖረው የሟች እህታችን ልጅ የሪታም አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ ላልተማሩ ሽማግሌዎች ማክሰኞና ሐሙስ ፊደል ሲያስቆጥር በስድሳ ሦስት ዓመቴ ገብቼ ተማርኩ። አስተማሪዋ በዕድሜ የልጅ ልጄ ልትሆን ትችላለች፤ «እማማ ትሮፊሜና፣ እርሳሱን እንደ መጥረቢያ አትጨብጪው» እያለች ታስቀኝ ነበር። በእርሳስ ፈንታ መጥረቢያ አስጨብጠው ያሳደጉኝ ሰዎች ሞተዋል። ማንን ልውቀስ?

የኖርማ ደብዳቤ በመጋቢት ደርሶኛል። ብቻዬን አነበብኩት፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። «አባቴ ዓይኑ ሳይጠፋ ተራራውን ማየት ይፈልጋል፤ እኅቴ ደጇን ካልከፈተችልኝ ግን አልሄድም ይላል። እሺ ወይም እምቢ በይን» ትላለች። መልሱን ለመጻፍ አልተቸገርኩም። በትልልቁ «እምቢ» ብዬ ጽፌ ፖስታ ውስጥ ከትቼው ነበር። ሳልልከው ስለቀረሁበት ነገር ነው የምነግርህ፤ ከዚያ በፊት ግን ለምን እምቢ እንዳልኩ ስማ፣ ማንም ነግሮህ አያውቅምና።

አባባ በሄድክበት ቀን ያለውን ታስታውሳለህ። ልጆቻቸውን ወደ አውስትራሊያ የሚሸኙ ሁሉ ጥዱ ጫካ ካለው ሰገነት ላይ ነጭ አንሶላ ይዘው ወጥተው፣ ከናፖሊ የተነሣችው መርከብ ወደ ባሕሩ የገባውን ርእሰ ምድር ዞራ ስታልፍ ያውለበልባሉ። አባባ ግን የሎሚ እርከኑን ጥለህበት ስለሄድክ፣ «ከዚህ ቤት ወደ ጥዱ የሚወጣውን እግሩን እሰብረዋለሁ» ብሎ መንገዱ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። እናታችን አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ጎህ ሳይቀድ በጓሮ ወጥቼ፣ በፍየሎቹ መንገድ ወደ ተራራው አናት፣ ወደ ቁራው ጫፍ ወጣሁ። ከጥዱ እጥፍ ከፍ ይላል፤ ከፍ ካለ ደግሞ የበለጠ ይታያል ብዬ ነው። የእናታችንን አንሶላ ካነሣሁ ይታወቃል ብዬ ለትዳሬ ካዘጋጀኋቸው አሥራ ሁለት አንሶላዎች አንዱን ያዝኩ። ሁለቱን ጫፍ በድንጋይ አስሬ፣ ሁለቱን በእጄ ይዤ፣ መርከቧ እንደ ጥፍር አንሳ እስክትጠፋ ድረስ አውለበለብኩ። ነፋሱ ከመሐል ቀደደው።

ሦስት ወር ሳይሞላ የእጮኛዬ እናት እንደ ወጉ የትዳር ዕቃዬን ልታይ መጣች። ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበዋል። አንሶላዎቹን አንድ በአንድ ገለጠች፤ የተጣፈው ጋ ስትደርስ ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየችና «ይሄ ደግሞ የት ተኝታበት ነው?» አለች። እውነቱን ተናገርኩ። «ጎህ ሳይቀድ ብቻዋን ተራራ የምትወጣ ልጅ፣ ለልጄ አልፈልግም» ብላ ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ሌላ ጠያቂ አልመጣም። በመንደራችን ነገር እንደ ድንጋይ ወደ ታች ብቻ ነው የሚንከባለለው።

በዚያው ሰሞን ነው ደብዳቤህ የመጣው። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ፣ ሰው እየሰማ አነበቡልኝ፦ «ዓይኔ እስኪያብጥ ከጥዱ እስከ ቁራው ጫፍ አየሁ። ሰው የለም። እትዬ፣ አንቺም አልወጣሽም። አንቺም ከአባባ ጋር ሆንሽ።» ቄሱ «ምን ብዬ ልመልስለት?» ሲሉኝ «ምንም» አልኳቸው። በኋላ የላክኻቸውን ሁለቱን ደብዳቤዎች ሳላስነብብ ሣጥን ውስጥ ከተትኳቸው። አርባ አራት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

አሁን ደግሞ ወደ ተራራው የሚወጣ አዲስ ዓይነት ሰው መጥቷል። እንጨት አይለቅሙም፣ ፍየል አልጠፋባቸውም፣ የሚሸኙትም ሰው የላቸውም። ላብ በላብ ሆነው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይወጣሉ፣ ባሕሩን ያያሉ፣ «ወይኔ!» ይላሉ፣ ይወርዳሉ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሪታ ክፍል ታከራያቸዋለች። በሚያዝያ ከቦሎኛ የመጡ ሁለት ሴቶች መንገድ የሚያሳያቸው ሲፈልጉ፣ ሪታ «አክስቴ ቁራው ጫፍን እንደ መዳፏ ታውቀዋለች» ብላ ዳረገችኝ። ካንተ ወዲህ ረግጬው አላውቅም ነበር። ሴቶቹ አሥር ጊዜ እያረፉልኝ ወጣን።

ጫፉ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ የብረት አጥር አቁሞ ሰሌዳ ተክሏል። ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ «የመንደሩ ቤተሰቦች ከዚህ ቦታ ነጭ አንሶላ እያውለበለቡ ተጓዦችን ይሰናበቱ ነበር።» አኒዬሎ፣ ከዚህ እኮ አይደለም! ከጥዱ ነው። እዚህ የወጣሁ እኔ ብቻ ነኝ። ማን ነገራቸው? ማዘጋጃ ቤቱ ያመነኝን ወንድሜ አላመነኝም ማለት ነው? ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለሁ አንደኛዋ ሴት፣ «እማማ፣ ይሄ ቦታ ከባሕሩ ላይ ሲታይ ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ስድሳ አምስት ዓመት ከባሕር በላይ ኖሬ፣ ወደቡ ድረስ ሎሚ አውርጄ ተመለስኩ እንጂ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ጥያቄው እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ቀረ።

ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ያንኑ የተጣፈ አንሶላ ለሪታ ሰጥቼ «ልክ አራት ሰዓት ላይ ቁራው ጫፍ ላይ ዘርጊው» አልኳትና፣ የዓሣ ሻጯ የልጅ ልጅ ፓንታሌዮ ጀልባ ላይ ወጣሁ። እሱም እንግዶችን ጫፎቹን ከባሕር እያሳየ ነው የሚኖረው። «እማማ፣ ዛሬ ባሕር አማረሽ?» አለኝ። «ዝም ብለህ ቅዘፍ» አልኩት። «ሞተር ነው እኮ፣ ማንን ልቅዘፍ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ርእሰ ምድሩ ጋ ስንደርስ ዞሬ አየሁ። ተራራችንን አላወቅሁትም። ቤታችን የለም። ትልቅ የምለው ትንሽ፣ ትንሽ የምለው ትልቅ ሆኗል። «ቁራው ጫፍ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ እኔ፣ ጭለማ ላይ እንኳ የማልስተው! ፓንታሌዮ በጣቱ አሳየኝ። ከእግሩ እስከ ራሱ ነጭ ነው፣ የጨው ክምር ይመስላል። አራት ሰዓት ሆነ። አለፈ። ዓይኔን ጠርጌ ደጋግሜ አየሁ። አንሶላ የለም። ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? «ሪታ አልወጣችም» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ ትዝ ያለኝ።

ፓንታሌዮ ግን «ነጭ ጨርቅ በነጭ ድንጋይ ላይ ዘርግተሽ ነው እንዴ የምትፈልጊው? መጀመሪያ ተራራውን ሰማያዊ አስቀቢው እንጂ እማማ!» አለኝ። ዝቅ ብሎ ጥዱ ጫካ ጋ የአንድ እንግዳ ነጭ ሸሚዝ በጥቁሩ ዛፍ ላይ እንደ ኮከብ ይታያል። የጥንቶቹ ሰዎች ጥዱን የመረጡት ለካ ከባሕር አይተውት ነው። ሪታም ፀሐይ አቃጥሏት ተመለሰችና፣ «አክስቴ፣ ጀልባዋን አይቻታለሁ፤ እጄ እስኪዝል አውለበለብኩ። ምነው ዝም አላችሁኝ?» አለችኝ። አቀፍኳት።

አሁን በማን ልቆጣ? አንተ አልዋሸህም። እኔም አልቀረሁም። አባባ ሞቷል፤ ድንጋዩን አልከሰው። ቁጣዬ ምርኩዜ ነበር፤ ተወስዶብኝ በቤቴ ውስጥ እንደ እንግዳ እደናበራለሁ። ሁለቱን ደብዳቤዎች ከፍቼ አነበብኳቸው። በአንዱ የእናታችንን ሳል ትጠይቃለህ፤ እሷ ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏል። በሌላው ሴት ልጅ እንደተወለደችልህና ሁለተኛ ስሟን በእኔ ስም እንዳወጣህላት ትነግረኛለህ። በስሜ የምትጠራ ሴት እዚያ ማዶ አድጋ፣ አግብታ፣ ደብዳቤ ስትጽፍልኝ እኔ እዚህ «እምቢ» እጽፋለሁ!

ግን ይህንንም ስማ። አንተስ «አልወጣሽም» ከማለትህ በፊት «ወጥተሽ ነበር ወይ?» ብለህ ብትጠይቅ ምን ነበረበት? ይቅር አልኩህ አልልም፤ ይቅር በለኝም አልልህም። ማን ማንን እንደሚል ገና አልለየልኝም። «እምቢ» ያልኩበትን ወረቀት ግን ምድጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ና። በአውቶቡስ አትምጣ፤ ከናፖሊ በትንሿ መርከብ ና፣ በግራ በኩል ተቀመጥ። አንሶላውን ቀይ ቀለም ነክሬዋለሁ፤ የሪታ ገንዳ እስካሁን ቀይ ነው፣ ትረግመኛለች። ጉልበቴ ጥዱ ይበቃሻል ይለኛል፤ ልቤ ደግሞ ቁራው ጫፍ ካልሆነ ይላል። አልወሰንኩም። አንተ ሁለቱንም እይ።

ፍራንካን እኅቴ ብላሻለች በልልኝ። ስሜን የያዘችውን ኖርማን ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ስሙን ሳትጽፍልኝ ለረሳችው ባሏም ሰላምታዬ ይድረሰው። ልጆች ካሏቸው፣ ደረጃው ብዙ ነው፣ ጥሩ ጫማ አድርጉ በላቸው። ሪታም እጅ ትነሳለች። ፓንታሌዮ ደግሞ ከአያቱ ተውሰህ የተሸከምከው የሎሚ ቅርጫት ገና ዕዳ አለበት እያለ ይቀልዳል፣ አትስማው።

ከመርከቧ ላይ ሆነህ ቀይ ካላየህ ኖርማ ታይልህ። እሷም ካላየች አልወጣችም እንዳትል። ወርደህ ጠይቀኝ።

እኅትህ ትሮፊሜና
ከአማልፊ በላይ፣ ላይኛው ሳንታ ማርታ
እሑድ፣ ጁን 6 ቀን 1999 እ.ኤ.አ.