ተመልሶ የመጣው በርበሬ

ይድረስ ለእትዬ ሃያት፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ በዚህ ብርድ አልተነሳብዎትም? ጋሼ ይመርስ? የደሴ ቁር እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ሰሞኑን ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ እላለሁ እንጂ አንድም ቦታ አልቀመጥም።

ነገሩ የልጄ የማህዲ ነው። ዩኒቨርሲቲ ደሴ ሲደርሰው ከሼኽ ኑርዬ ቤት እንዲያድር ያደረግሁት እኔ መሆኔን ያውቃሉ። ማለዳ ሱብሒ ላይ ከሼኹ እግር ስር ኪታብ ይቀራል፣ ቀን ትምህርቱን ይማራል። ባለ ዲግሪ ሆኖ ሚዛን የሚያጎድል አይቻለሁ፤ ኪታብ ጨርሶም የባንክ ወረቀት ሰው የሚያስነብብ አይቻለሁ። ልጄ ከሁለቱም እንዳይሆንብኝ ነው የደከምሁት።

በሼኹ ቤት ግን ኪታብ የሚቀራ ደረሳ ሁሉ በተራው ኺድማ አለበት፤ ከምንጭ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ የታመመ ያስታምማል። የሀብታም ልጅ፣ የድሃ ልጅ አይባልም። ማህዲ ፈተና ደርሶ ጊዜ አነሰኝ ቢለኝ እንደ ነጋዴ አሰብሁ። አንድ ጆንያ ምርጥ ዛላ በርበሬ በሾፌሩ በባዬ መኪና ጭኜ፣ ልጁን ከውሃው ተራ ያውጡልኝ ብዬ ለሼኹ ላክሁ።

ባዬ በሳምንቱ ጆንያውን እንደታሰረ ሱቄ በር ላይ አወረደው። «ጋሽ ዑስማን፣ ዕቃዎ ደሴ ላይ ገዥ አጣ» ብሎ ሳቀብኝ። የሼኹን ቃል ሲነግረኝ ግን አልሳቀም። «ሰደቃ ቢሆን ደረሳው ሁሉ በበላው ነበር፤ ይህ ግን ዋጋ ነው። ልጁ ወይ ከጓደኞቹ ጋር ውሃ ይቅዳ፣ ወይ ዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ይግባ። ራሱ ይምረጥ» ብለዋል።

ከዚያ ወዲህ ማህዲ ስልክ አያነሳም። እናቱ ናዚፋ ማደሪያው ይግባ፣ እንቅልፍ እንኳ ይጠግባል ትላለች። እኔ ደግሞ ከገባ ኪታቡን በዚያው ይተወዋል ብዬ እሰጋለሁ። ልመጣ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ከመናኸሪያ ተመለስሁ፤ ከመጣሁ እኔው እመርጥለታለሁና።

ጉልበትዎ ከፈቀደልዎ አንድ ማለዳ ወደ ምንጩ ጎራ ይበሉልኝ። ጀሪካን ተሸክሞ ካገኙት፣ ምንም ቢከብደው አያግዙት። ካጡት ግን ማደሪያው ድረስ ሄደው፣ አባትህ ለማይሸጥ ነገር ዋጋ አውጥቷል፣ አንተ አትሽጠው ይበሉልኝ።

ጋሼ ይመርን እጅ እነሳለሁ። ዘሀራን ሳሙልኝ። ናዚፋም ሁላችሁንም ሰላም ትላለች። በርበሬውን ባዬ መልሶ ያመጣዋል፤ አሁን ለእርስዎ ነው። ወደ ምንጩ ባይሄዱልኝም የእርስዎ ነው።

ወንድምዎ ዑስማን
ቡሬ፣ ጥር 19 ቀን 2002 ዓ.ም.