የባልቻ ኮርማና የእኔ ላም

ጥቅምት 9
ወልቂጤ ዛሬም አቧራ። ለላሜ ለቀዮ የእንሰት ቅጠል ቆረጥኩላት፣ በላች፣ ረገጠችኝ። ምስጋናዋ ነው።
ባልቻ መጣ፣ የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም። በፊቱ "ጋሽ ባልቻ፣ እርስዎ" እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን ማን ያየኛል?
"ሁለት ጥጃ ሞተብሽ። ሦስተኛው ከሞተ ላሟ ወደ እኔ ትመለስ። የወንድሜ ናት። ሽማግሌዎቹም ተስማምተዋል።"
እኔስ? በወተቷ የምኖረውን ማን ጠየቀኝ...

ጥቅምት 12
ቀዮ ከማለዳ ጀምሮ ትጮኻለች። ኮርማ ፈልጋለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወደ ባልቻ ግቢ እነዳት ነበር፤ የሰፈሩ ላም ሁሉ ሙሽራ የእሱ ኮርማ ነው። ዛሬ ግን ለከብት አዳቃይዋ ለሰልሚያ ደወልኩ። በሞተር መጣች።
"እትዬ ደብሪቱ፣ የቀዮ አባት ማነው?"
"የባልቻ ኮርማ።"
"የሞቱት ጥጆችስ?"
"የባልቻ ኮርማ..."
"የገዛ አባቷ!" አለች። አባትና ልጅ ሳጋባ ኖሬ፣ ጥጃው ሲሞት ቡዳ በላው እያልኩ! ያውም ጌታን ተቀብዬ!
"ይሄ በቱቦ ያመጣሁት የኮርማ ዘር የሦስት ዝርያ ቅይጥ ነው" አለች። "ሦስቱን አዋህደው አንድ ያደረጉት። የተራራቀ ደም ሲገናኝ ጥጃው ቶሎ ያድጋል፣ በሽታም ይችላል። ምጥ እንዳይከብዳት ደግሞ ጥጃው ሲወለድ ትንሽ የሚሆንበትን ዘር መርጫለሁ።"
እጇን እስከ ትከሻዋ አስገባች። ቀዮ ቅጠሏን ታኝካለች። እንዲህ ያለ ሰርግ አይቼ አላውቅም።

ጥቅምት 13
ለባልቻ ልንገረው? ምን አባቱ።

ጥር 16
የጎረቤታችን ልጅ የሔራን ሽምግልና። የዘር ቆጣሪው ባልቻ ነው፣ ሌላ ማን አለ? ሰባት ቤት ቆጠረ። ሊያገባት ከመጣው ልጅ ጋር በስድስተኛው ላይ ተገናኙ። "ዘመድ ናችሁ፣ አይሆንም።" ሔራን አለቀሰች። ምላሴ አላስቻለኝም።
"ጋሽ ባልቻ፣ እርስዎ ለሰው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ኮርማዎ ልጁንም የልጅ ልጁንም ሲያገባ ስንት ቤት ቆጠሩ? የእኔዋ እንኳን ከሩቅ ነው ያረገዘችው!"
ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።
"የፈረንጅ ጥጃ ሆዷን ቀዶ ይገድላታል" አለ ባልቻ። "ያን ቀን እንዳትጠሪኝ!" ወጣ።
አፍሬያለሁ። ትንሽ።

ሐምሌ 25
ዝናብ። ቀዮ ከጠዋት ጀምሮ ታምጣለች። አንድ እግር ብቻ ወጣ፣ ሌላው ውስጥ ታጥፏል። ለሰልሚያ ደወልኩ። ሞተሯን ወደ አገና ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ጭቃ ይዞታል። "ምጡ ፋታ ሲሰጣት ጥጃውን ወደ ውስጥ መልሳችሁ ገፋ አድርጉና የታጠፈውን አቃኑ" አለች። እኔ? በዚህ ክንድ?
ኩራቴን ውጬ ባልቻ በር ላይ ቆምኩ።
"አንድ ቃል እንዳትናገሪ" አለ። ጫማውን ሳያስር ቀደመኝ።
ተንበርክኮ እጁን አስገባ። እየጸለየ፣ መሃል መሃል ላይ እየተሳደበ... አቃናው። ሳብን። ወጣ። አልተነፈሰም። አለቀ አልኩ፣ ሦስተኛውም ሞተ፣ ላሜ ወደ ባልቻ ሄደች። ባልቻ አፍንጫውን በገለባ ነካካው። ጥጃው አስነጠሰ!
"ትንሽ ናት እኮ" አለ። "ናት" የተባለው ወንድ ጥጃ ነው። ይበል፣ ዛሬ ያሻውን ይበል።

ነሐሴ 30
ሰልሚያ የጥጃውን ደረት በሜትር ለካች። የባልቻን የሦስት ወር ጥጃ በልጧል። "ሜትርሽ አርጅቷል" አላት ባልቻ። የራሱን አመጣ። ያው።

መስከረም 17
ባልቻ ለመስቀል ኮርማውን አረደ። አዎ፣ ያንን ኮርማ! ጠንካራ ነበር፤ ሥጋው እስኪከተከት ቢላዋው ሁለቴ ተሳለ።
"ጊደሮቼን ነገ ሰልሚያ ታያቸዋለች" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "የቀዮ ነገር ተዘግቷል። ላሟ የደብሪቱ ናት። እኔ ከብት እቆጥራለሁ፤ ማርባት የምታውቀው እሷ ናት።"
ክትፎ ጠቅልሎ በእጁ አጎረሰኝ።
ስንት ስድብ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። አንዱም አልወጣ አለኝ። እንባዬ ብቻ ወጣ።