ሳልፈታው የነገርኩት ሕልም

ጥቅምት 12

ከአዳር ተረኝነት ወጣሁ። ብርዱ አይጣል ነው። ቤት ስደርስ አባዬ ፊታቸውን ታጥበው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ ይጠብቁኛል። ፊታቸውን ሳይታጠቡ ሕልም አያወሩም። ሕልማቸውን ለኔ ካላወሩ ደግሞ ቁርስ አይቀምሱም። እናቴ ከሞተች ስምንት ዓመት... ከዚያ ወዲህ ይኸው ነው ጠዋታችን።

ዛሬም ግሬደር ሲነዱ ነው ያደሩት። ጡረታ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል፣ በሕልማቸው ግን አንድ ቀን አላረፉም። ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ መንገድ ይጠርጋሉ፣ ቢጠርጉት ቢጠርጉት አያልቅም። ምላጩ ገብስ ውስጥ ይገባል፣ ገብሱ ግን አይቆረጥም።

"ረጅም ዕድሜ ነው አባዬ። ገብሱ እኛ ነን፣ አልተነካንም" አልኳቸው።

"ለደግ ያርገው" ብለው እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ።

ከየት ነው የማመጣው? ነርስ ነኝ እንጂ ሕልም ፈቺ አይደለሁም። ግን ዝም ማለትም አይቻልም። አባዬ ሕልም የሚነግሩት ለሚወዳቸው ሰው ብቻ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር በደግ ሊፈታላቸው ይገባል። ከኔ ሌላ ማን አላቸው?

ጥቅምት 15

የጀርመንኛ ትምህርት። ፋሲል አዲስ አበባ ሆኖ በቴሌግራም ያስተምረናል። አሥራ ሁለት ነን፣ ሁላችንም የጤና ሰዎች፣ ሁላችንም ጀርመን ሄደን መሥራት የምንፈልግ። ከቅርብ ያለችው ሀያት ብቻ ናት፣ እብናት ፋርማሲ የምትሠራዋ። ቃል የምንጠያየቀው ከሷ ጋር ነው።

የዛሬው ግስ "ትሮይመን"። ማለም። "ቀላል ናት፣ ተደጋግማ የምትመጣ ግስ ናት፣ አትፍሯት" አለ ፋሲል። መጀመሪያ አላሚው፣ ቀጥሎ ግሱ፣ ከዚያ "ፎን"፣ ከዚያ የታለመው ነገር። የቤት ሥራው አሥር ዓረፍተ ነገር፣ በድምፅ ተቀድቶ የሚላክ። "የራሳችሁን ሕልም ተናገሩ" አለን።

የራሴን? እኔ መቼ አልሜ አውቃለሁ... አልጋ ላይ ስወድቅ ሬሳ ነኝ።

አንድ ነገር ገረመኝ። አባዬ "አለምኩ" ብለው አያውቁም። "አየሁ" ነው የሚሉት። አንድ ነገር ከውጭ መጥቶ የቆመባቸው ይመስል። ጀርመኖቹ ግን ሥራ ያደርጉታል፣ እንደ መብላት፣ እንደ መሄድ። የነሱ ግስ ፈቺም የሚፈልግ አይመስልም።

ጥቅምት 19

መላ አገኘሁ! የአባዬን ሕልሞች ላክሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ የሰማሁትን... ጎተራ እንደተከፈተ ነው የተዘረገፈልኝ። ግሬደሩን፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ውስጥ የጠፋ ሰዓታቸውን፣ የወለቀ ጥርሳቸውን። ግሬደር በጀርመንኛ ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ "ትልቅ መኪና" ብዬ አለፍኩት። ግሩፑ በሳቅ ሞተ። ፋሲል "ከሁላችሁም የስርጉት ይበልጣል" አለ።

ትንሽ ከብዶኝ ነበር። የሰው ሕልም አይደለም እንዴ? ግን የተፈቱ ናቸው፣ አርጅተዋል። ምን ይሆናሉ?

ጥቅምት 30

ደብዳቤው መጣ። ጀርመን ያለ አንድ የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት፣ የጥር ወር የቋንቋ ፈተናውን ካለፍኩ ሊቀበለኝ። አዛውንት ልጦር ነው የምሄደው... አባቴን ትቼ።

ለአባዬ ነገርኳቸው። "ሂጂ እንጂ" አሉ፣ ጊዜም አልወሰዱ። እህል የምታበስል ሰው እንቀጥራለን፣ ጎረቤት አለ፣ ኪራይ የለብንም... ሁሉን አነሳን። ጠዋት ጠዋትስ? እሱን ሁለታችንም አላነሳነውም።

ኅዳር 8

ምን ነካኝ ዛሬ?

አራት ቀን ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ የመጣው ልክ ከአዳር ስገባ ነው። የቤት ሥራው እስከ ሁለት ሰዓት ካልተላከ አይያዝም፣ "ትሮይመን"ን በኃላፊ ጊዜ መናገር ነው። አባዬ ታጥበው ቁጭ ብለዋል። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

"ናትሽ መጣች" አሉ። "ገሳይ መንገድ ዳር ቆማ። ያችን አረንጓዴ ሹራቧን ለብሳ። 'አዳነ፣ መኪናው ሊሄድ ነው፣ አትመጣም?' አለችኝ። 'ጫማዬን ላድርግ' አልኋት። ጫማዬን ስፈልግ ነቃሁ።"

የሞተ ሰው "ና" ሲል ምን ማለት እንደሆነ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። እዚያው፣ ቁጭ ብዬ፣ እጃቸውን ይዤ አንድ ደግ ነገር ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? "ቆዩ አባዬ፣ አንዴ... መጣሁ።"

ገባሁና ቀዳሁት። ሁሉንም። ሹራቡን፣ መኪናውን፣ ጫማውን። አንድ ቃል ሳልሳሳት፣ ሳልንተባተብ። ላክሁ። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው። ደስ አለኝ፣ አዎ፣ ደስ ብሎኛል! ከዚያ ልብሴን ሳላወልቅ እንቅልፍ ጣለኝ።

የነቃሁት ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የአባዬ ቁርስ እንደተከደነ ነበር።

ኅዳር 9

ፋሲል እርማቱን ላከ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ እሰማለሁ። የኔን ዓረፍተ ነገር እንደ ምሳሌ ለሁሉም ይደጋግመዋል፣ "ማይን ፋተር ሃት ፎን ፈንታነሽ ገትሮይምት... ፎን ፈንታነሽ..." አባቴ ፈንታነሽን አለሙ፣ ማለት ነው።

አባዬ በር ላይ ቆመዋል።

"ማነው እሱ?"

"አስተማሪዬ ነው።"

"የናትሽን ስም ምን ያደርግለታል?"

መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኳቸው። ግሩፑን፣ አሥራ ሁለቱን ሰዎች፣ ሁሉን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦

"ሳትፈችው ነው የነገርሽው?"

"አሁን ልፍታው አባዬ፣ አሁን..."

"ይቅር። አድሯል" አሉ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 10

"ምን አዩ አባዬ?"

"አላየሁም።"

ኅዳር 11

አላየሁም።

ኅዳር 14

አላየሁም። ቁርሳቸውንም ዝም ብለው በሉ።

ኅዳር 16

ሀያት ለብቻዬ ጻፈችልኝ። እስከ ዛሬ ልበልሽ አልበልሽ ስትል ከርማለች። "አንቺ፣ ያን ሕልም ቤታችሁ ፈታችሁት ወይ? እኛ እንዲህ ያለውን አናወራም፣ እናቴ ብትሰማ ታብድ ነበር።" እሷ እስላም እኔ ክርስቲያን፣ በዚህ ነገር ግን አንድ ነን። ምን ብዬ ልመልስላት? "ፈትተነዋል" አልኳት። ዋሸሁ።

ሥራ ቦታም አልሆነልኝም። የአንድ ሽማግሌ ሙቀት ለካሁና መጻፍ ረሳሁ። ደግሜ ስለካላቸው "ምነው ልጄ፣ ባሰብኝ እንዴ?" አሉኝ። አልባሰባቸውም ነበር።

ኅዳር 27

አባዬ ጠዋት ጠዋት ይወጣሉ። እኔ ከተረኝነት ስገባ እንኳ የሉም። ጾም ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ ነበር። ግን ጫማቸው ላይ የክር ብጥስጣሽ አየሁ... ቀይ፣ ሰማያዊ። የት ነው የሚውሉት? አልጠየቅኩም። የመጠየቅ መብቴን በራሴ እጅ ያጣሁት ይመስለኛል።

ጥናቱ እየሄደ ነው። ብቻ "ትሮይመን" ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ።

ታኅሣሥ 19

አመመኝ፣ ጉንፋን ነው። አባዬ ዝንጅብል አፍልተው አመጡልኝ፣ እግሬን በጋቢያቸው ጠቀለሉት። ስለ ድንች ዋጋ፣ ስለ ጎረቤቱ አጥር አወራን። ተጫወትን እንኳ። ሕልም ብቻ የለም። አጠገቤ ተቀምጠው ናፈቁኝ። እንዲህም አለ ለካ?

ጥር 16፣ አዲስ አበባ

ተፈተንኩ። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ነው የመጣሁት፣ መንገዱ አያስተማምንም።

መጻፉም ማዳመጡም ደህና። ለንግግሩ ካርድ አንሺ ተባልኩ። አነሳሁ። ምን ይላል? ሕልም!

ፈታኟ ትልቅ ሴት ናት፣ ፊቷ ደግ። "ቤታችሁ ውስጥ ስለ ሕልም ይወራል?" አለችኝ። ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ሙሉ ሆኖ የቀረልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። አረንጓዴ ሹራብ፣ ገሳይ፣ መኪናው ሊሄድ ነው... ዳግመኛ አላነሳውም ብዬ ምዬ ነበር። አነሳሁት። ከአፌ እንደ ውኃ ወረደ።

ፈታኟ ፈገግ አለች። "እና አባትሽ ጫማቸውን አገኙት?"

"ናይን፣ አላገኙትም" አልኩ። "ነቁ።"

"በጣም ጥሩ" ብላ ጻፈች።

ከሕንጻው ወጥቼ አስፋልቱ ዳር አለቀስኩ። ሰው እያየኝ።

የካቲት 2

አለፍኩ። ከሁሉም ከፍ ያለው ውጤቴ ንግግር ነው። በእናቴ አለፍኩ።

አባዬ "እሰይ የኔ ልጅ" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ከደስታ ነው? እንጃ።

የካቲት 11

ዛሬ አወቅሁ።

ለመንገድ የሚሆን ካፖርት ላሰፋ ጋሽ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ። ገበያው አጠገብ ልብስ የሚሰፉት፣ የአባዬ የጥንት ወዳጅ። ገና ስገባ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ አንድ በርጩማ አየሁ፣ አባዬ በረንዳ ላይ የሚያነጥፉት ጨርቅ የተደረገበት። ወለሉ ላይ ቀይ ክር፣ ሰማያዊ ክር...

"አባቴ እዚህ ነው እንዴ የሚመጡት?"

ጋሽ ኑሩ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አደረጉ። "አልነገረሽም? በየጠዋቱ ነው እንጂ። ያየውን ይነግረኛል። እኔ እንዳንቺ አላውቅበትም፣ 'ኸይር ነው' ብቻ እለዋለሁ።"

"ተቀይመውኛል ማለት ነው።"

"መጀመሪያ ተቀይሞ ነው የመጣው፣ አልዋሽሽም። ሁለት ሦስት ቀን ሲውል ግን ምን አለኝ? 'ኑሩ፣ ልጄ የሰው አገር ቋንቋ እየለመደች ነው። እኔ ደግሞ ያለሷ ማንጋትን ልልመድ። ስትሄድ ከምጀምረው እያለች ብጀምረው ይሻላል' አለኝ። በዚያው ቀረ።"

ዙሪያዬን ለኩኝ፣ ትከሻዬን ለኩኝ። ቀና ማለት አልቻልኩም። ሦስት ወር ሙሉ ቅጣት መስሎኝ የተሸከምኩት...

የካቲት 12

"አልሄድም" አልኳቸው ለአባዬ፣ ገና ከመግባታቸው።

ዘነዘናቸውን... አይ፣ ከዘራቸውን ማለቴ ነው፣ እጄም ይሳሳታል ዛሬ... ከዘራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። "ኑሩ ነገረሽ። አፉ አያርፍም ያ ሰውዬ።"

"አንዷን ብቻ ይንገሩኝ። የዛሬዋን ብቻ።"

"ነግሬዋለሁ። ኸይር ነው ብሎኛል። የተፈታ ምን ያደርግልሻል?"

"እንግዲያው አልሄድም!"

ተቆጡ። ስንት ዘመኔ፣ እንዲህ ሲቆጡ አላየሁም። "የኔን ሕልም ለመስማት ቁጭ ብለሽ ልታረጂ ነው? እኔ እኮ ለናትሽ ቃል አለብኝ! ትሄጃለሽ!" ብለው ሊወጡ ተነሱ። ያዝኳቸው። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ስለ ካፖርቱ ቀለም ተጨቃጨቅን።

መጋቢት 20

ቪዛ ተመታ።

ሚያዝያ 21

ነገ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወደ ጀርመን።

ከሥራ ከወጣሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፣ ግን ዛሬ የመጨረሻ ርክክቤን አደረግሁ። ሆስፒታል ተረኛ ሲወጣ ለሚገባው አልጋ በአልጋ ያስረክባል፤ ይህ ሰው ይህን ይወስዳል፣ ይህን ሲያመው ይህን አድርጉ። አባዬ ቤት ከተመለሱ በኋላ ጋሽ ኑሩ ዘንድ ሄድኩና "ላስረክብዎ ነው የመጣሁት" አልኳቸው። ገባቸው። የልኬት ደብተራቸውን ገልጠው እርሳስ ያዙ።

"ኸይር ነው ብቻ አይበቃቸውም" አልኩ። "ምክንያት ይፈልጋሉ። ጥርሳቸው ከወለቀ ሕመም ወጣ ይበሏቸው። ሙሽራ ካዩ ለቅሶ ነው ብለው ይፈራሉ፣ ቶሎ ብለው ዝናብ ነው ይበሉ። ግሬደሩ ከተበላሸ ዕረፍት ነው። ጉና ላይ ከወጡ..." የስምንት ዓመቱን ሁሉ። የሰው ወገብና እጅጌ ከተጻፈበት ሥር ጻፉት።

"ፈንታነሽ ከመጣችስ? እሷ ብዙ ትመጣለች" አሉኝ።

"'ልታይህ ነው የመጣችው፣ ልትወስድህ አይደለም' ይበሏቸው።"

እንዲህ ቀላል ነበር። ኅዳር 8 ቀን፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ በረንዳው ላይ የሚባለው ይኸው ነበር። ጋሽ ኑሩ ወደ ደብተራቸው አቀርቅረው ጻፉት። ከዚያ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ፦

"አንቺ ከመጣሽስ?"

ይህን አላሰብኩትም። እኔም ከነገ ወዲያ ከሩቅ ከሚመጡት አንዷ ነኝ። ምን ይባላል? ርቃ ያለች ልጅ መንገድ ዳር ቆማ ከታየች ምን ተብሎ ይፈታል? ስፈልግ ስፈልግ አጣሁ። ጋሽ ኑሩ እርሳሳቸውን እንደያዙ ጠበቁኝ።

"እሷን እርስዎ አይፍቷት" አልኩ። "ሳያድር ይደውሉልኝ።"

ጻፉት። ትንሽ አሰቡና ከሥሩ "ኔትወርክ ካለ" ብለው ጨመሩበት።