ጠፈርተኛውን ሰማይ ላይ ለተዉብን ለአቶ ጉልላት

ጉለሌ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል። ይህ ሲጻፍ የተገኘነው እኔ፣ ጎረቤቴ እትዬ ሰርኬ፣ እንዲሁም ከቤት እንዳይወጣ የታዘዘው ልጃቸው መላኩ ነን።

ለተከበሩ አቶ ጉልላት፣ የሰፈራችን አዳራሽ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ትናንት መድረክ ላይ ያን ያህል ሲያመሰግኑ ጉሮሮዎ እንዳልተጎዳ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ አንድ ጠፈርተኛ ሕይወትና ስለ ቤተሰቡ የተሠራውን ፊልም በነጻ ስላሳዩን ሰፈሩ ውለታዎን አይረሳም።

1ኛ. የክብር እንግዳው አርፍደው ሲገቡ «ከመጀመሪያው ይጀመርላቸው» ብለው ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ሰውየው ቤተሰቡን ተሰናብቶ ደመናውን አልፎ ነበር፤ እንግዳ ከመጣ ግን ምን ይደረጋል፣ ወርዶ እንደገና ቁርሱን በላ። ሁለተኛው እንግዳ ሲመጡም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛዋ ሲገቡማ፣ ትንሿ ልጁ እንዳይሄድባት የደበቀችውን ጫማ ሲፈልግ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ሶፋው ሥር ነው!» ብሎ ረዳው።

2ኛ. የወጥ ቤቱን ቧንቧ እሠራለሁ እያለ ሳይሠራ ሚስቱን ጥሎ ሲወጣ ደጋግመን በማየታችን ስለ ትዳር ብዙ ተምረናል። እትዬ ሰርኬ «አይ ወንድ! ቧንቧ ያቃተው ጨረቃ ላይ ምን ሊሠራ ነው?» ሲሉ እንግዶችዎ ሁሉ ሳቁ፤ ባለቤታቸውን ይዘው ከመጡት ከአንደኛው በቀር።

3ኛውን በምስጋና ለማለፍ አቅም አጣሁ። ሰውየው በመጨረሻ ወደ ምድር መመለስ ጀምሮ፣ መንኩራኩሩ በእሳት ተከቦ፣ ሚስቱ ሬዲዮኑን አቅፋ «ትሰማኛለህ?» ስትል፣ እርስዎ መብራቱን አብርተው «ሰዓታችን ስላለቀ እዚህ ላይ ይበቃናል» አሉና ለእንግዶቹ የምስክር ወረቀት ማደል ጀመሩ። እኛም አጨበጨብን።

እትዬ ሰርኬ ግን አላጨበጨቡም። ሰውየው በሰላም ከገባ ለኅዳር ቁስቋም ጃንጥላ አስገባለሁ ብለው ተስለው ነበርና፣ ስለታቸው ከሰውየው ጋር ሰማይ ላይ ቀረ። መላኩ ደግሞ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። መኪናው ጭነቱን ይዞ ቃሊቲ ቆሞለታል፤ ነገ ጠዋት ካልተነሣ ባለንብረቱ ቁልፉን ለሌላ ሾፌር ይሰጣል። እናቱ በሩ ላይ ወንበር አድርገው «ያ የሰው ልጅ ቤቱ ሳይገባ የኔ ልጅ አይወጣም» ብለው ተቀምጠዋል። መላኩ «እማዬ፣ እኔ የምሄደው ጅቡቲ ነው፤ ደርሼ እመለሳለሁ» ቢላቸው፣ «እሱም እንደዚሁ እያለ ነው የወጣው» አሉት።

ላጽናናቸው ብዬ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ያነበብኩትን ነገርኳቸው፤ መንኩራኩር ሲመለስ በእሳት መከበቡ ያለ ነገር ነው አልኳቸው። «ከዚያስ?» አሉኝ። ጋዜጣው እዚያ ላይ ተቀድዷል።

ስለዚህ የቀረችውን ቁራጭ ዛሬውኑ እንዲያሳዩን፣ አለበለዚያ ሰውየው ገባ አልገባም የሚለውን ብቻ በቃል እንዲልኩልን በትሕትና እለምናለሁ። ፊልሙን እርስዎም ጨርሰው ካላዩት አይፈሩ፤ ከእንግዶቹ አንዱ ቀድመውዎት አይተውት ይሆናልና እሳቸውን ይጠይቁልን።

ጠፈርተኛው በተነሣ ቁጥር የተሰናበተችው፣ ሲያርፍ ለማየት ግን ያልታደለችው አክባሪዎ፣
ፀጋ በዳሳ

ድኅረ ጽሑፍ፣ በደብዳቤው ግልባጭ ላይ የተጨመረ፦ መልስዎ ስላልመጣ፣ እሑድ ጠዋት ራሴ ሄጄ «እትዬ፣ ገብቷል» አልኳቸው። «ማን ነገረሽ?» ሲሉኝ «አቶ ጉልላት» አልኩ። «ከስቷል?» አሉኝ። «ትንሽ» አልኩ። ወንበራቸውን ከበሩ አነሡ፤ መላኩም ወጣ። እንግዲህ ሰውየው በፊልሙ ውስጥ ሳይመለስ ቀርቶ እንደሆነ ውሸቱ በእርስዎ ስም ነውና፣ ልጁ ከጅቡቲ እስኪገባ ፊልሙን እስከ መጨረሻው እንዳያሳዩ አደራ። በዚህ ረገድ እንኳ ሙሉ እምነት አለኝ።