የተተረተረው ኮሌታ

ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ? በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። እኔ የካንሰሩን ሕክምና አራተኛ ዙር ጨርሻለሁ።

አባትሽ ግን የበር ዘበኛ ሆኗል። ከስፌት ቤት ጓደኞቼ ሲመጡ «ተኝታለች» ብሎ ይመልሳቸዋል፤ እኔ ውስጥ ሆኜ እየሰማሁ መቀመጥም መተኛትም ያቅተኛል።

ትናንት ተነስቼ አንድ ኮሌታ ሰፋሁ። ጠማማ ሆነ። አባትሽ «ድንቅ ነው!» አለ፤ እህትሽ አጨበጨበች። ያቺ ነገረኛ ጓደኛዬ ግን አባትሽን አልፋ ገባችና «ይሄ ደግሞ ኮሌታ ነው?» ብላ እዚያው ፊት ለፊቴ ተረተረችው። እንደ ድሯችን ተጨቃጨቅን። ከታመምኩ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንቺም እሺ ማለት የማታውቂው ልጅ፣ አሁን ላልኩሽ ሁሉ «እሺ እማዬ» ትያለሽ። ይሄ እሺታሽ ያስፈራኛል።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። እሁድ ስትደውዪ፣ እባክሽ፣ አንዴ እንኳ እምቢ በይኝ።