ሳይቀመስ የተለካው ጨው

ለባለቤቴ ለአስካለ

አስካልዬ፣ ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሦስት ወር ቀረው። እንዴት ነሽ አልልሽም፤ አንቺ ያለሽበት ዘንድ የሚጠየቀው ሌላ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደተውሽው ነው፣ ጆሮዬም እንደተውሽው ነው። ንዴቴ ግን ጨምሯል። የጨመረውም በአንቺ ነው፤ ለዚህ ነው ልንገርሽ ብዬ የመጣሁት።

ይህን የሚጽፍልኝ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ያቆምኩት በክንዴ እንጂ በፊደል አይደለም። ለማን ነው ሲለኝ ለሚስቴ አልኩት። የት ነው የሚላከው አለኝ፤ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ ታዲያ ጉዳዩ የሚለው ላይ ምን ልበል አለኝ። አይብ በል አልኩት። ሰውዬው ደግ ነው፣ ነገር ማሳመር ግን ይወዳል። እኔ ተናደድኩ ስለው እሱ በጥልቅ ሐዘን ተውጬ ብሎ ሊጽፍ ይከጅላል። ያልኩህን ጻፍ ብዬዋለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮው ሎሚ ፍሬው እየረገፈ ነው፣ የሚለቅመው የለም። የሳሎኑ ማራገቢያ እየተንቋቋ ይዞራል። ልጆቹ ይደውላሉ፣ በላህ ወይ ይሉኛል፣ በላሁ እላለሁ። የዚህ ሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ሌላ ነው፤ ሰፈራችን ሳቢያን ከቀትር በኋላ ውሻ እንኳ አይንቀሳቀስባትም። ይኸው ነው የቤቱ ወሬ። አሁን ወደ አይቡ።

የባቡር ጡረተኞቹ የፋሲካ ግብዣ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከየቤቱ አንድ አንድ ነገር ይመጣል፣ ማን ምን ያምጣ የምትለው ወይዘሮ በላይነሽ ናት፣ ግብዣውም እሷ ግቢ ነው። ከእኛ ቤት ለሠላሳ ምናምን ዓመት የሄደው ያንቺ የተጠበሰ አይብ ነው። የክብሪት ቀፎ የሚያካክል፣ ላዩ ወርቅ የመሰለ፣ ሲነከስ የሚኮረሸም፣ ውስጡ ነጭ። ሰው ሁሉ ከዶሮው በፊት አፉን የሚያሟሽበት እሱ ነበር። ከዚራ ግሪኮቹ ቤት በልጅነትሽ ምግብ ስታበስዪ ከማዳሚቷ የተማርሽው ነው። እነሱ ደረቅ አይባቸውን ይዘው ሲሄዱ፣ በእኛ አይብ እሠራዋለሁ ብለሽ ሳቁብሽ። እኔም ስቄ ነበር። ከዚያ ሠራሽው።

አምና ለቅሶ ላይ ነበርኩ፣ ግብዣው ላይ አልሄድኩም። ዘንድሮ በላይነሽ ቤት ድረስ መጣች። ተቀመጠች፣ ግድግዳውን አየች፣ ፎቶሽን አየች፣ ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ጋሽ ተሰማ፣ እርስዎ ምንም አይቸገሩ፤ ለስላሳ ይዘው ይምጡ። አይቡን የኔ ምራት ትሞክረዋለች።»

ለስላሳ! ለስላሳ እኮ ማንም የሌለው ሰው የሚይዘው ነው። ያንቺ ሳህን በላይነሽ ቤት ሊገባ፣ እኔ የለስላሳ ሣጥን ተሸክሜ ልሄድ። አይቡ ከዚሁ ቤት ይመጣል፣ ለስላሳውን ምራትሽ ታምጣ አልኳት። ማን ሊሠራው ነው አለች። እኔ አልኩ። ሳትስቅ ወጣች፣ ይሄ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

እንግዲህ በሕማማት ረቡዕ፣ ነጠላዬን አደግድጌ መጋላ ገበያ ገብቼ አይብ ገዛሁ። ሻጯ ካናቴ እስከ እግሬ አየችኝ። አይቡን በፌስታል አንጠልጥዬ ስወጣ የንስሐ አባቴን ፊት ለፊት! ለእሑድ ነው አባ፣ አልኳቸው። እሳቸውም እሑድማ ገና ነው ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሌባ ፌስታሉን ከኋላዬ ደበቅኩት።

ቤት ገብቼ ዘይቱን ጣድኩ። አይቡን በእጄ ድብልብል አድርጌ፣ ዱቄትና እንቁላል ቀብቼ፣ የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ ላይ አንከባልዬ ጨመርኩት። አስካለ፣ ያ ዘይት የተነሳው መነሳት እንደ ባቡር እንፋሎት ነው። ክንዴን ለበለበኝ፣ ምድጃውን ሞላው፣ አይቡም ተበትኖ ፍርፍር ሆነ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ሳይበተን አቃጠልኩት። አርባ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖረን እንዴት አንድ ቀን እንኳ ና እይ አትዪኝም? እሺ እኔ አልጠየቅኩም። አንቺስ?

ጭሱን አይታ ሰአዳ በጓሮ በር ገባች። ያቺ የአጥር ጎረቤታችን፣ መጋላ ጨርቅ የምትሸጠው። እንደ ድሬ ልጅ ነው የምታናግረኝ፤ «አቦ ጋሼ፣ ቤቱን ልታቃጥል ነው?» አለችኝ። ድስቱን አየች፣ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ሳቋ ግን ከትከሻዋ ይታያል። ከዚያ «ብረቱስ?» አለች። የምን ብረት ስላት በጣቷ ወደ ውጭ በር አሳየችኝ።

ያ የሐዲድ ቁራጭ! ሥራ ላይ ሳለሁ ያመጣሁት፣ ይሄ ዝገት ከወጥ ቤት ይውጣልኝ ብዬ ስንቴ የጮህኩብሽ። ከሞትሽ በኋላ እኔ የውጭውን በር ንፋስ እንዳይዘጋው አስደገፍኩበት። ለካ አይቡ በሻሽ ተጠቅልሎ፣ ያ ብረት ተጭኖት ሲያድር ነው ውኃው ወጥቶ እንደ ሳሙና በቢላ የሚቆረጠው። እኔ የጎተትኩትን ብረት ሥራውን የነገረችኝ ጎረቤት ናት። አጠብኩት፣ ፈገፈግኩት፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩት። እንደ ሕፃን አቅፌ ወጥ ቤት መለስኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሌላ አይብ ገዛሁ። አሁን ብረቱም አለ፣ ሁሉም አለ፣ የቀረው ጨው ነው። ጨው ደግሞ ከመጫኑ በፊት ነው የሚገባው፣ አንዴ ከተጫነ አለቀ። አይቡን ፈረፈርኩ፣ ጨው በተንኩ፣ በቃ? አልበቃ? ምላሴን ላስጠጋ አልኩና ሃምሳ አምስቱ ቀን ትዝ አለኝ፤ ዛሬ ልሽረው? ያኔ ነው አንቺን ያስታወስኩት። በየፋሲካው ሰው ፊት እየቆምኩ ምን እል ነበር? የኔ ሚስት ሁዳዴን ሙሉ አይብ አፏ ሳይገባ፣ ሳትቀምስ፣ በእጇ ብቻ ጨው ትለካለች! ሰው ያደንቃል፣ አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ሳህኑን ታስተካክያለሽ። ትሕትና ነበር የመሰለኝ። እንግዲያው እኔም እጄን አየሁት። እጄ ምንም አላለኝም።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ሰአዳ አሁንም በጓሮ በር መጣች። ቴምርና ውኃ ይዛለች፣ ሁለት ሳምቡሳ ይዛለች፣ ያንቺ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ዘንድሮ የእነሱ ረመዳንና የእኛ ሁዳዴ ገጥሟል፤ እሷም ቀኑን ሙሉ ውኃ በአፏ አልዞረም። ከአዛን በኋላ እቀምስልሃለሁ አለችኝ። ምኑን ብዬ ጠየቅኳት። «ለአስካለ የምቀምስላትን ነዋ።»

አስካለ፣ ቁጭ አልኩ።

በየፋሲካው ዋዜማ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሆን፣ ሰአዳ በጓሮ ገብታ ጨውሽን ትነግርሽ ነበር ለካ። እኔ ሠላሳ ዓመት የፎከርኩበት እጅ የሰአዳ ምላስ ነው! አንቺም በተራሽ፣ በረመዳን ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ፣ የሷን የመጀመሪያ ባጊያ ትቀምሺላት ነበር፤ ባጊያ በዘይት የሚጠበስ የባቄላ ሊጥ ነው፣ ፆም አይሽርም። ሁለት ረመዳን ሆነው አለችኝ፣ ባጊያዬ አንድ ቀን ጨው በጨው፣ አንድ ቀን ምንም። ልጆቼ ዝም ብለው ይበላሉ አለች። ይህን ስትል አልሳቀችም። አምናም በዋዜማው መጥታ ነበር፣ በሩን ዘግቼው አገኘችው።

ሁለታችን ሳህኑን መሐላችን አስቀምጠን ፀሐይዋን ጠበቅን። ሁለት አሮጌ ሰዎች አንድ ሳህን አይብ እያዩ፣ አንዱም መንካት አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል? አዛን አለ። አሁን ትቀምሳለች ስል ቴምር አነሳች። ውኃ ጠጣች። ሳምቡሳውን በላች። ሶላት አለብኝ ብላ ሄደች! አይቡ በሙቀቱ ሊኮመጥጥ ነው፣ እኔ ዝንብ እከላከላለሁ። ተመልሳ መጥታ ዓይኗን ጨፍና ቀመሰች። ጨምር አለች። ጨመርኩ። ቀመሰች። «ሃዬ፣ ትንሽ ጨምር» አለች፤ ጨመርኩ። ጠቀለልነው፣ ብረቱን ጫንንበት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጥቂት ተኝቼ ተነሳሁ። አይቡ እንደ ሳሙና ተቆረጠ። ዘይቱም ዝም አለ። አንዱ አልተበተነም አስካለ፣ አንድም! እንደ ጥንቱ ወርቅ መሰለ። ሳህኑን በባጃጅ ጭኜ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ባለ ባጃጁን ጉድጓድ በነካ ቁጥር እየተቆጣሁ በላይነሽ ግቢ ደረስኩ። ሰው ሁሉ ሳህኑን አየ። አነሱ። ኮረሸሙ። ድምፁ ያው ነው፣ ያንቺ ድምፅ። ደረቴን ልነፋ ስል አንዱ ለስላሳ አነሳ። ሌላውም አነሳ። በላይነሽም አነሳች። እኔም አንዱን ጎረስኩ።

አስካለ፣ ጨው ነበር። የአፋር ጨው ጎርሼ በአይብ ያማግኩ ነው የመሰለኝ።

በላይነሽን ጠበቅኳት። አንድ ቃል ብትናገር የምመልሰውን አዘጋጅቻለሁ። ውኃ አስመጥታ ጠጣችና፣ «የአስካለ ነው። የመጨረሻው ዓመት የሠራችውም ልክ እንደዚህ ጨው በዝቶበት ነበር» አለች። ሰው ሳቀ፣ ሳህኑ ግን ባዶ ሆነ። ስንለያይም፣ ለከርሞ አይቡ ከዚያው ቤት ይምጣ፣ ለስላሳው ግን ሁለት ሣጥን ይሁን አለች። ሳህንሽ ቤቱ ተመለሰ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ደስ አላለኝም። በላይነሽ የጠራችው የመጨረሻው ፋሲካ ትዝ አለኝ። እዚያው ግቢ፣ እዚያው ወንበር ላይ፣ አይቡ ጨው በዝቶበት እኔ ምን አልኩሽ? ሰው ፊት፣ በትልቅ ድምፅ፣ አስካለ አርጅተሻል፣ እጅሽ ደክሟል አልኩሽ። ሰው ሳቀ። አንቺ ሳህኑን አስተካከልሽ። በሐምሌ ሞትሽ።

ሰኞ ጠዋት ሰአዳ በር ላይ ቆምኩ። ልጣላ ነው የሄድኩት። ጨውሽ ገደለኝ አልኳት። ቀኑን ሙሉ የደረቀ ምላስ፣ ላዩ ላይ ቴምር፣ ምን ይለያል ጋሼ፣ አለችኝ። ፆማችን ሲገጥም እንዲህ ነው፣ ለአስካለም የዚያን ዓመት እንዲሁ አበላሸሁባት አለች። ነግራሽ ነበር ወይ አልኳት፣ እኔ ሰው ፊት ያልኳትን? አልነገረችኝም አለች፤ ጨዉ ልክ ነበር፣ ሁሉም በላ ነው ያለችኝ።

አንቺ ሴትዮ። የእኔን ስድብ ዋጥሽው፣ ሰአዳን እንዳይከፋት ልክ ነበር አልሻት፣ እኔን ደግሞ በፉከራዬ ተውሽኝ። የቱ ይበልጥ እንዳናደደኝ አላውቅም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ውኃ ይምጣልዎት ወይ አለኝ። አያስፈልግም፣ ጻፍ አልኩት።

እጅሽ አልደከመም ነበር። ይቅር በይኝ። ሰው ፊት የተናገርኩት ነውና ሰው ፊት አነሳዋለሁ፤ ለከርሞ ሳህኑን ይዤ ስሄድ፣ ማንም ሳይጎርስ በፊት ቆሜ እነግራቸዋለሁ፣ ጨውሽን የምትቀምስልሽ ሰአዳ እንደነበረች ጭምር። ሰአዳን ፈቃድ ጠይቄያታለሁ። ንገራቸው፣ ካንተ በቀር የማያውቅ የለም አለችኝ።

ብረቱ ወጥ ቤት ነው፣ ከእንግዲህ አይወጣም። ዋዜማ በመጣ ቁጥር የጓሮውን በር አልዘጋም። አልረሳሽም አስካልዬ፤ በልቤ ብቻ አይደለም፣ በምላሴም ጭምር።

አሁን ልሂድ። የእነሱ ፆም ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፣ ሰአዳ የዛሬዋን ባጊያ እያቦካች ነው። ትናንት የመጀመሪያዋን ቀምሼ ጨው ይጎድለዋል ብያት ተኮሳትራ ጨመረች፣ ልክ ሆነ። ዛሬም ሳልደርስ ዘይት ውስጥ እንዳትጨምረው ነግሬያታለሁ።

ባልሽ ተሰማ