ሳልለካ ያስገጠምኩት ጎማ

ገመቹዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ደብዳቤ እየጀመርኩ ስተው ሦስት ሳምንት አለፈኝ። የምነግርህ ነገር የሚያኮራ አይደለም።

ቤቱ ደህና ነው። የግቢውን በር ቀለም አስቀባሁት። ልጃችን ሜሮን አሥረኛ ክፍል ገባች፤ በቁመት በልጣኛለች። መኪናህንም አልሸጥኳትም። ወንድምህ ለማ "አርጅታለች፣ ገላግያት" ቢለኝም እምቢ አልኩ። መንዳት ያስተማርከኝ በእሷ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ወለንጪቲ እናትህን ለማየት የምሄደውም በእሷ ነው። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ቤታቸው የሚወስደውን መንገድ ታውቀዋለህ። ዘንድሮ ጎርፍ ቦርቡሮት የመኪናዋ ሆድ በየጉብታው ሲፋቅ የኔ ሆድ የሚፋቅ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጎማ ሻጭ ዘንድ ሄድኩ። ከፍና ሰፋ ያለ ጎማ ከነቸርኬው አውጥቶ "ይሄ ከመሬት ያነሳልሻል" አለኝ። ለዚች አሮጌ መኪና ይሆን እንደሆነ ጠየቅኩት። አንዱን አስሮ "ይኸው፣ መች ነካ?" አለ። መኪናዋ ባዶዋን ነበረች፤ ጎማውም ወደ ፊት ቀጥ እንዳለ ነው።

ገመቹ፣ እኔ እኮ አውቅ ነበር። ጓደኛህ ለታክሲው ትልቅ ጎማ ሊያስገጥም አስቦ የመጣ ዕለት ምን እንዳደረግክ ቆሜ አይቻለሁ። ሦስት ሰው ከኋላ አስቀመጥክ። መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አስዞርክ። ተንበርክከህ በጎማውና ከላዩ ባለው ፓራፋንጎ መሃል ጣትህ ያልፍ እንደሆነ ሞከርክ። አላለፈም። "ባዶ መኪና ትዋሻለች" ብለህ ሰውየውን ጎማውን አስመለስከው።

ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? ከሞትክ ወዲህ በትንሹም በትልቁም "ገመቹ ቢኖር ምን ይል ነበር?" ማለት ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ነገር እንኳ በራሴ መወሰን አማረኝ። አራቱንም አስገጠምኩ።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። መኪናዋ ቀና አለች። ግን አደባባይ ስዞር ከፊት በቀኝ በኩል "ሽርር" የሚል ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። አንድ ቀን ለመካኒክ አሳያለሁ እያልኩ ሬዲዮውን ከፍ አደርግ ነበር።

እናትህን ለዓይን ሕክምና ወደ አዳማ ሳመጣቸው ሜሮንና እህትህ ከኋላ ነበሩ፤ የኋላ ዕቃ መጫኛውም በእህል ሞልቷል። አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ ከፊት ለፊታችን የጭነት መኪና መጣ። መሪውን በኃይል ጠመዘዝኩ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ ፈነዳ። ቦይ ውስጥ ገባን። ሌሎቻችን ተረፍን፤ የእናትህ ትከሻ ተሰበረ።

መካኒኩ የፈነዳውን ጎማ አገላብጦ አሳየኝ። ጠርዙ በፓራፋንጎው ብረት ተፍቆ ተፍቆ ክሩ ወጥቷል።

ጠያቂ ሁሉ የጭነት መኪናውን ሹፌር ሲረግም ዘጠኝ ቀን ሙሉ አብሬ ራሴን ነቀነቅኩ። በአሥረኛው ቀን አልቻልኩም። እናትህ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ለማም ባለበት፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ለማ ተነስቶ ወጣ። እስከ ዛሬ ስልኬን አያነሳም፤ አልፈርድበትም።

እናትህ ግን በደህናው እጃቸው ጎተቱኝና "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ድምፁን እኔም ሰምቼ ነበር" አሉኝ።

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ልጄ ከሞተ ወዲህ ስትስቂ ያየሁሽ ያን ቀን መኪናዋን ስትነጂ ነው። ምን ብዬ ላቋርጥሽ?"

ገመቹ፣ ከለማ ኩርፊያ ይልቅ ይህ ከበደኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የድሮዎቹን ጎማዎች መልሼ አስገጠምኩ። መንዳትም አላቆምኩም፤ ግን ሜሮን አብራኝ ስትቀመጥ ሬዲዮውን አልከፍትም። የእናትህ አጥንት ገጥሟል፤ ክንዳቸው ግን ከትከሻ በላይ አልወጣ ብሏል። አሁን እኛ ጋ ናቸው። ፀጉራቸውን ራሳቸው መሥራት ስለማይችሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እሠራቸዋለሁ። እኔ ስሠራ እሳቸው ስላንተ ያወሩኛል። ባለፈው፣ ልጅ ሆነህ መብረቅ ስትፈራ በቀሚሳቸው ውስጥ ትደበቅ እንደነበር ነገሩኝ። አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን አንድ ቀን አልነገርከኝም።

የደበቅከኝን ሁሉ ከእሳቸው እየሰማሁ ነው። ሜሮንም አጠገባችን ተቀምጣ ትሰማለች። አንዱንም አንጥልብህም።

ያንተው አልማዝ